ሙያ በልብ ብቻ አይቀመጥም

ስለ እንጨት ወለል ንጣፍና ስለ ሙያ ብቃት ማረጋገጫ በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ስለምሠራው ሥራ እንድናገር ሲጠይቁኝ «ሰው ከአራቱም ማዕዘን ተሰብስቦ ስለ ፓርኬ ይስማ?» ብዬ ተከራክሬ ነበር። ደግሞም እዚህ አዳራሽ ውስጥ መላጊያ ከእኔ በፊት የጨበጡ ታላላቆቼ ተቀምጠዋል። ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ፣ ስለ እንጨቱ የማውቀውን ባጭሩ ብዬ ስለ ሠራተኛው ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ወለል ሲነጠፍ፣ ሲነሣ፣ እንደገና ሲነጠፍ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ የምናገረውም ከዚያው ነው።

የምለው ነገር አንድ ነው። የእንጨት ወለል ደኅና መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ከመነጠፉ በፊት የተደረገውና ከሥሩ የተቀበረው ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ግን የሚያየው ላዩን፣ ያውም የምርቃት ቀን የሚያበራውን ቫርኒሽ ነው። ታዲያ ባለቤቱ ሊያየው ለማይችለው ሥራ ማን ይመስክር? የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ጥቅሙም ድክመቱም የሚለካው በዚህ ጥያቄ ነው።

ርእሱ ለዚህ ግቢ ባዕድ አይደለም። የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ ሥር የሆነው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም፣ ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የእንጨት ቴክኖሎጂ ነበር። ከብረታ ብረት፣ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከኢንዱስትሪ ኬሚስትሪና ከእርሻ መካኒክ እኩል ወንበር ይዞ ማለት ነው። ገና ከጥንስሱ እንጨት መላግና ማገጣጠም ትምህርት ነው ተብሎ ተከብሮ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆንን፤ ዲግሪውም በዛ፤ የእጅ ሙያው አብዛኛው ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሄደ። መሄዱ ክፋት የለውም። ክፋቱ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሣር እያበቀለ መምጣቱ ነው።

እስቲ ወደ ወለሉ ልምጣ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር አብዛኞቻችን ያደግንበት ወለል አፈር ነው፤ ተደልድሎ፣ ተረግጦ፣ በእበት ተለቅልቆ። ያም ወለል ሙያ ነበረው። እናቶቻችን ሲሰነጠቅ ያውቁታል፣ መቼ እንደሚለቀለቅና ስንት ቀን እንደማይረገጥ ያውቃሉ። እንጨት ለርብራብና ለቆጥ ነበር። ፓርኬ ደግሞ የትልቅ ከተማ፣ የቪላና የመሥሪያ ቤት ነገር ነበር። ዛሬ ይኼ ተለውጧል። ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ፍኖተ ሰላም የዞን ከተማ ናት፤ ሆቴሉ፣ ቢሮው፣ ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው የሚያሠሩት ቤት፣ ሁሉም «አንድ ክፍል እንኳ ፓርኬ ይሁን» ይላል። ቡሬም እንዲሁ ናት። የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም እዚያ ነው። ፋብሪካ ሲመጣ እንግዳ ማረፊያና ቢሮ አብሮ ይመጣል። ሥራው አለ። ሥራውን የሚሠራው ልጅ ግን ከየት ተማረ? ማንስ መዘነው?

ይህንን ለመመለስ እንጨት ምን ዓይነት ባሕርይ እንዳለው ማወቅ ግድ ነው። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ውሃ መጠጣትና መልሶ መስጠት አይተውም። ሐምሌ ላይ አልዘጋ ብሎ ትከሻ የሚጠይቅ በር፣ ሚያዝያ ላይ በነፋስ እየተንኳኳ እንቅልፍ ይነሣል፤ በሩ ያው በር ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ትናንት የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ዛሬ ሞፈር አያደርግም፤ ጥላ ላይ አቆይቶ፣ ደርቆ መጣመም አለመጣመሙን አይቶ ነው በሬ የሚጠምድበት።

በቁጥር ሲነገር እንዲህ ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ቦታ የአየሩ እርጥበት 40 በመቶ ከሆነ፣ እንጨት ከክብደቱ ወደ 8 በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ ይረጋል። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲደርስ የእንጨቱ ወደ 16 በመቶ ይወጣል። በጋችንና ክረምታችን በዚህ መካከል ነው የሚመላለሱት። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ በቁመቱ አይረዝምም ማለት ይቻላል፤ የሚሰፋው በወርዱ ነው። ያውም እንደ አገዛዘዙ ይለያያል፤ አንዱ ጣውላ ከሌላው እጥፍ ያህል ሊሰፋ ይችላል።

አንድ ስሌት ልስጣችሁ፤ መሐንዲሶች ስለሆናችሁ ታዝናኑብኛላችሁ። ለያንዳንዱ 1 በመቶ የውሃ ለውጥ በወርዱ 0.3 በመቶ የሚሰፋ እንጨት እንውሰድ፤ ጠንካራ ለሆኑ እንጨቶች ያልተለመደ አይደለም። ከበጋ ወደ ክረምት የቤት ውስጥ ለውጡ 4 በመቶ ብቻ ይሁን። ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ የሚሰፋው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ማንም አያየውም። ወርዱ 5 ሜትር በሆነ ክፍል ግን ከ70 በላይ ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰለፋል። ሁሉም ሲደመር 6 ሴንቲ ሜትር ነው! ያ 6 ሴንቲ ሜትር የት ይሂድ? ግድግዳው አይሸሽለትም። ወደ ላይ ይነሣል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ አዳራሽ ወለል እንዲህ ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ። የማን እንደሆነና ማን እንዳሠራው መናገር አያስፈልግም፤ ነገሩ ግን የብዙ ሳይቶች ታሪክ ስለሆነ ልንገራችሁ። ሊሾው ሚያዝያ ላይ ፈሰሰ። ምርቃቱ ሰኔ ላይ ነበርና «ፍጠን» ተባለ። ግንቦት ላይ፣ አየሩ ደረቅ እንጨቱም ደረቅ ሆኖ፣ ፓርኬው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምላጭ በማያስገባ ጥብቀት ተነጠፈ። የምርቃት ቀን ያየው ሁሉ አደነቀ። ነሐሴ ላይ የአዳራሹ መሐል እንደ ግመል ጀርባ ሆነ። ሰው ተጠርቶ ወለሉ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ገና ጠቁሮ እርጥብ ነበር። እንጨቱ ከላይ የክረምቱን አየር፣ ከሥር የሊሾውን ውሃ ሲጠጣ ነው የከረመው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለዛሬው ንግግሬ ዋናው። ባለቤቱ ተቋራጩን ወቀሰ፤ ተቋራጩ እንጨቱን ወቀሰ፤ እንጨት ሻጩ ነጣፊውን ወቀሰ። ነጣፊው ከጃቢ ጠህናን ገጠር የመጣ፣ ከአጎቱ ሥር ሆኖ ጣሪያና በር ሲሠራ ያደገ ልጅ ነበር። እጁ ወርቅ ነው፤ የቁራጮቹ ግጥምጥሞሽ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ግን አንድም ወረቀት አልነበረውም። ሊሾው ስንት ቀን እንደቆየ፣ እንጨቱ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ የተመዘገበ የለም፤ «ፍጠን» ያለው ሰውም በቃል ነው ያለው። ክርክሩ ሲያልቅ ሁሉም ደሞዙን ይዞ ቀረ፣ ስሙ የጠፋው የልጁ ብቻ ሆነ። የመጨረሻ ክፍያውም ቀረ። በከተማዋም «እሱ እንዳይነጥፍልህ» መባል ተጀመረ።

ታዲያ አንድ ብቁ ነጣፊ ምን ማድረግ ነበረበት? ይኼን ዘርዘር ላድርገው፤ ምክንያቱም ብቃት ሲባል በጭንቅላታችን የሚመጣው የግጥምጥሞሹ ማማር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሊሾውን ይጠይቃል። የተለመደው ግምት፣ አየር በደኅና በሚዘዋወርበት ቤት ሊሾ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርቃል የሚል ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 50 ቀን መሆኑ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ወይም ክረምት ከገባ ከዚያም በላይ። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ አንድ ሜትር ያህል ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው። ጠዋት ሲገለጥ ላስቲኩ ውስጡ ካላበው ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ አይነጠፍም። ላስቲኩ ደረቅ ቢሆንም ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ በመሣሪያ ማረጋገጥ የተሻለ ነው። ላስቲክ ስንት ነው? ከአንድ ሻይ ብዙም አይበልጥ። ያልተነጠፈው ላስቲክ ግን ስንት ወለል አስነሥቷል!

ሁለተኛ እንጨቱን ይጠይቃል። የእርጥበት መለኪያ ካለ በእሱ፤ ከሌለ በምጣድና በሚዛን። ከጣውላው ላይ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል፤ በ103 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይደርቃል፤ እንደገና ይመዘናል። 60 ግራም የነበረው 50 ግራም ከሆነ፣ የጠፋው 10 ግራም ለ50 ሲካፈል 20 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ገና ከጫካ አልወጣም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንጨቱ በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ እንዲሰነብት ያደርጋል። ከውጭ የሚመጣው ላሚኔት እንኳ በብዙ አምራቾች መመሪያ 48 ሰዓት በክፍሉ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ካርቶኑ ላይ በሥዕል ጭምር ተጽፏል፤ ካርቶኑን ግን ቀድመን የምናቃጥለው እኛ ነን።

ሦስተኛ የወለሉን ልክ ያያል። 2 ሜትር ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድሞ ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካገኘ፣ ያስተካክላል እንጂ በኮላ አይሞላውም። አራተኛ ግድግዳው ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ዞኮሎ የተፈጠረውም ያንን ክፍተት ሊሸፍን ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ክፍተት ብቻውን ያንን 6 ሴንቲ ሜትር አያድንም። ትክክለኛ ድርቀት ላለው እንጨት መተንፈሻ እንጂ ለእርጥብ እንጨት ምሕረት አይደለም። አምስተኛ፣ ይህ ብዙዎቻችን የምንዘለው ነው፣ ያየውን ይጽፋል። ቀኑን፣ የሊሾውን ዕድሜ፣ የእንጨቱን እርጥበት። ባለቤቱ ወይም ሳይት ኢንጂነሩ ይፈርምበታል። ያ አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖር ኖሮ የጃቢ ጠህናኑ ልጅ ስሙን ባላጣ ነበር።

እንግዲህ ወደ ማረጋገጫው እንምጣ። በተለምዶ «ሲኦሲ» የምንለው ምዘና በ2000 ዓ.ም. ከወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ጋር የተስፋፋ ነው። የስትራቴጂው ቁም ነገር አንድ ሰው ስንት ዓመት ተቀመጠ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። በስትራቴጂው ሙያዎች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፍለው ነበር፤ ተመዛኙ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና ይወስዳል፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ያልበቃ» ነው። «ወደቀ» አይባልም፤ «ገና» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ትልቁ ነገር ደግሞ በሩ ኮሌጅ ላልገቡትም ክፍት መሆኑ ነው። ከአባቱ፣ ከአጎቱ፣ ከሳይት የተማረ ሰው ቀርቦ ሊመዘን ይችላል። ለምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ተራ ነገር አይደለም። ምክንያቱም አናጺዎቻችን አብዛኞቹ በዚያ መንገድ የመጡ ናቸው።

ልጁ ይህን በር አንኳኳ። በመጀመሪያው ምዘና «ገና ያልበቃ» ተባለ። ተናድዶ መጣ፤ «ከመዛኙ የተሻለ እገጥማለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይገጥማል። ያልመለሰው ስለ እርጥበትና ስለ ዝግጅት የተጠየቀውን ነበር። ማለትም ምዘናው ወለሉን ያስነሣበትን ነገር ነው ነጥሎ ያሳየው። ጥቂት ወራት ቆይቶ እንደገና ቀረበ፣ አለፈ። ዛሬ ቡሬ ላይ ሁለት ልጆች ይዞ ይሠራል። ሥራ ከመቀበሉ በፊት ላስቲኩን ሳያሳድር ዋጋ አይናገርም። ወረቀቱ እጁን አላሻሻለውም፤ እጁ ድሮም ጥሩ ነበር። ያገኘው «አይሆንም፣ ይቆይ» የማለት ድፍረት ነው። ድሃ ሠራተኛ ከሥራ ሰጪው ፊት ቆሞ «አይሆንም» እንዲል ከኋላው የሚቆም ነገር ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፣ አልሸሸውም። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ሙያ ያለው ሰው አያወራም፣ ሠርቶ ያሳያል ማለት ነው። መልካም ብሂል ነው። ግን ብሂሉ የተነገረው ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት መንደር ነው። በመንደሩ የአናጺው አባት ይታወቃል፣ የሠራው ቤት ይታያል፣ ቢያበላሽ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይገናኛሉ። ቡሬ ላይ ግን ሥራ ሰጪው ከአዲስ አበባ መጥቶ በሦስት ወር የሚመለስ ነው። እሱ የሠራተኛውን ልብ የሚያይበት መንገድ የለውም። በልብ ያለውን ወደ አደባባይ የሚያወጣ ምስክር ያስፈልጋል።

ሌላው ክርክር «ወረቀት ግዴታ ሲሆን ድሃው ከገበያ ይወጣል» የሚለው ነው። ይኼም ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ጀርመንን ላንሣ፤ የእኛ የሙያ ሥርዓት ሲነደፍ የጀርመን ድጋፍ ነበረበትና። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጓን አሻሽላ ድርጅት ለመክፈት ይጠየቅ የነበረውን የ«ማይስተር» ማዕረግ ከ53 ሙያዎች ላይ አነሣች። ፓርኬ ንጣፍ አንዱ ነበር። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ግዴታውን ለ12 ሙያዎች መለሰችው። ከተመለሱት ውስጥ ፓርኬ ንጣፍ፣ ሴራሚክ ንጣፍና የሊሾ ሥራ ይገኛሉ፤ ከቀረቡት ምክንያቶች ዋናዎቹ የሥራ ጥራትና የወጣቶች ሥልጠና ነበሩ። ሲመልሱት ግን ያለ ማዕረጉ ሲሠሩ የነበሩትን ድርጅቶች አላባረሩም፤ እንዲቀጥሉ ፈቀዱላቸው። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው የእንጨት ወለል ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበር፣ መንግሥት ሳያስገድድ፣ የሚነጥፉትን፣ የሚፍቁትንና የሚቀቡትን፣ እንዲሁም ተበላሸ የተባለ ወለል የሚመረምሩትን ሳይቀር እየመዘነ ማረጋገጫ ይሰጣል።

ከሁለቱ የምወስደው ይህን ነው። የሙያ ምስክርነት ሲጠፋ ጉዳቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ ሲመጣ ደግሞ ነባሩን ሰው ይዞ መምጣት አለበት። ለእኛ ዛሬ ግዴታ ይሁን አልልም። የቋሪት ወይም የደምበጫ አናጺ ነገ ጠዋት ያለ ወረቀት አትሥራ ቢባል ልጆቹ ምን ይበሉ? የምለው፣ ማረጋገጫ ያለው ሰው የሚጠቀምበት ይሁን ነው።

አሁን ግን የማይጠቀምበት ምክንያት አለ። ወረቀቱ በራሱ ክብር ያጣበት ጊዜ አለ። ሳይመዘኑ ያገኙ አሉ ሲባል እንሰማለን፤ መዛኙ ዕቃ ስለሌለው በጽሑፍ ብቻ ነገሩን ሲያልፍ እናያለን። የእርጥበት መለኪያ በሌለበት ስለ እርጥበት መመዘን፣ በሬ በሌለበት እርሻ እንደመፈተን ነው። ሁለተኛው ምክንያት የእኛ ነው፤ የምንፈርመው ሰዎች። በማያቸው የውል ሰነዶች የተቋራጩ ደረጃ ይጠየቃል፤ የነጣፊው ግን አይጠየቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንጻ የሠራ ተቋራጭ ለ10 ዓመት ለሥራው ዋስ እንዲሆን ያዛል። ያ ዋስትና ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው ውል የሌለው፣ ወረቀት የሌለው፣ የቀን ሠራተኛ ትከሻ ላይ ከሆነ ሕጉ ምን ጠቀመ?

ስለዚህ ወደ እናንተ የማቀርባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም በእጃችን ያሉ ናቸው።

በግንባታ ላይ ያላችሁ ተመራቂዎች፣ አማካሪም ሁኑ ተቋራጭ፣ በሥራ ዝርዝራችሁ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ የሊሾው እርጥበት ተለክቶ ይመዝገብ፤ የእንጨቱ እርጥበት ተለክቶ ይመዝገብ፤ ከነጣፊዎቹ ቢያንስ አንዱ ብቃቱ የተረጋገጠ ይሁን። ለዚያም ሰው ልዩነት ያለው ዋጋ ክፈሉ። ማረጋገጫ ያለውና የሌለው እኩል ከተከፈላቸው፣ ልጁ ለምዘና የሚያወጣውን ቀንና ገንዘብ ለምን ያውጣ?

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ቤተ ሙከራችሁን ክፈቱልን። ማድረቂያ ምጣድና ትክክለኛ ሚዛን እዚህ ግቢ አለ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሠልጣኞች በዓመት አንድ ሳምንት መጥተው ቢሠሩበት፣ የሊሾና የእንጨት እርጥበት መለካት ከመጽሐፍ ወጥቶ እጅ ውስጥ ይገባል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎችም እነሆ፦ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቤቶች ውስጥ እንጨት በየወሩ ስንት በመቶ ውሃ ይይዛል? የውጭ ሠንጠረዥ ይዘን ከምንገምት፣ አንድ ተማሪ መስከረምን ከመስከረም ቢለካ ለአገሩ ሁሉ የሚሆን ቁጥር ይሰጠናል።

ከዚሁ ጋር የባሕር ዛፉ ነገር አለ። ከመራዊ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ገበሬው ማሳውን ባሕር ዛፍ አልብሶታል። አብዛኛው በጥቂት ዓመት ተቆርጦ አጣና ሆኖ ይሸጣል፤ በመተማ በኩል ሱዳን ድረስ ሲሄድ የነበረም አለ። ባሕር ዛፍ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ለወለል ይሆናል። ግን ሲሰነጠቅ ውስጡ የታመቀው ኃይል ይለቀቅና ይፈነዳል፣ ይጣመማል፤ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ዛፉም ለጣውላ እስኪወፍር ረዘም ላለ ጊዜ መቆም አለበት። ይህን የሚችል ሰንጣቂ፣ አድራቂና ነጣፊ ቢኖር ከቻይናና ከቱርክ ላሚኔት የምንገዛበት ገንዘብ ከፊሉ ለገበሬው ይቀር ነበር። የሙያ ማረጋገጥ ጉዳይ የአንድ ልጅ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ለማኅበራችን ደግሞ አንድ ነገር። በየዓመቱ ስንገናኝ መዋጮ እናዋጣለን፣ ጥሩ ነው። ከዚህ ዓመት መዋጮ ላይ ለሁለቱ ከተሞች ኮሌጆች የእርጥበት መለኪያ እንግዛ፤ ለመመዘን ፈልገው የምዘና ክፍያ ላጡ ጥቂት ነባር አናጺዎች ደግሞ እንክፈልላቸው። ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ስንገናኝ ግን «ስንቱ ብቁ ተባለ፣ ስንቱስ ገና ነው?» ብለን የምንጠይቀው ቁም ነገር ይኖረናል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ በአደባባይ መሳደቡ ቀንሷል። ግን አለመሳደብና ማክበር አንድ አይደሉም። ማክበር ማለት ሥራውን በትክክል መመዘን፣ ሲበቃ በቅተሃል ማለት፣ ሳይበቃ ገና ነህ ብሎ ማስተማር፣ የበቃውን ደግሞ የድካሙን መክፈል ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ቤት ስታሠሩ፣ ነጣፊው «ሊሾው አልደረቀም፣ አልነጥፍም፣ ሦስት ሳምንት ይቆይ» ቢላችሁ አትቆጡት። እባካችሁ ወንበር ስጡትና ሻይ ጋብዙት፤ የፈለግነው ሰው እሱ ነው።